የወተቱ ልክ

ባሌ ጢሙን ሲላጭ ስልኩን ከመስታወቱ ሥር አቁሞ ድምፁን ለቆት ነው የሚያወራው፤ እጁ በሳሙና አረፋ ስለሚሞላ። እኔ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጪ ቁጭ ብዬ የታጠቡ ካልሲዎችን ጥንድ ጥንዳቸውን እያገናኘሁ ነበር። የታላቅ እህቱ ድምፅ ነው። "ዛሬ ማታ እመጣለሁ" አለችው። "የእናቴን ማሰሮ እወስዳለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያቺ ማሰሮ ታጥባ ታውቃለች? ደግሞስ እሷ ዘንድ ምን ትሠራለች? ልጆቿ እኛ ነን። ሚስትህ የእናቴ ልጅ አይደለችም።" ምላጩ ጉንጩን ሲፍቅ ይሰማ የነበረው ድምፅ ቆመ፤ የቧንቧው ጠብታ ብቻ ቀረ። አንድ ነገር ይላል ብዬ ሁለት የማይመሳሰሉ ካልሲዎች በእጄ ይዤ ጠበቅኩ። በመጨረሻ "እሺ፣ ነይ። ቀዝቃዛውን ትሠራለች፣ እንበላለን" አላት። ሲወጣ አገጩ ላይ ትንሽ ደም ነበረች። ዓይኔን ሳያይ "እህቴ ማታ ትመጣለች" ብሎኝ ወደ ጎሚስታ ቤቱ ሄደ። የሰው ጎማ ሲለጥፍ የሚውል ሰው ነው፤ የት ጋ እንደሚተነፍስ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያገኘዋል። የቤቱን ግን አንድም ቀን ነክሮ አያውቅም።

ቀዝቃዛው የምንለው፣ እርጎ አጥልለን፣ የተፈገፈገ ኪያርና ካሮት ጨምረን፣ ነጭ ሽንኩርትና ናና አግብተን ዳቦ እየነከርን የምንበላው ነው። ስሙን ያወጣችው ልጄ ናት፤ ገና አፏን ስትፈታ "ቀዝቃዛው ስጡኝ" እያለች ቀረ። እርጎው የሚረጋው አማቴ ትተውልኝ በሄዱት ማሰሮ ነው። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ናት፤ ክዳኗ አንድ ጎኑ ተሸርፏል። እርጎው ሲያልቅ ከሥሯ ጥቂት ይቀራል፤ አዲሱ ወተት በዚያ በቀረው ላይ ይፈስሳል፤ የቀረው አዲሱን ያረጋዋል። አማቴ ከእናታቸው ቤት ይዘውት እንደመጡ፣ እናታቸውም ከሌላ ሰው ተቀብለውት እንደነበር ይናገሩ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ሰው ይሞታል፣ ቤት ይሸጣል፣ ዕቃ ይከፋፈላል፤ አንድ ማንኪያ እርጎ ግን ከወተት ወደ ወተት እየተሻገረ ይኖራል። ማሰሮዋን ሲሰጡኝ "ውስጧ ሳሙና አይግባ፣ የፈላ ነገር አይንካት፤ አፏን በጨርቅ ጥረጊ፣ በቃ" ነበር ያሉኝ። እኔም እንዳሉኝ ሳደርግ ቆይቻለሁ።

እስከዚያ ጠዋት ድረስ። "ታጥባ ታውቃለች?" የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። እኔ መቼም ሰው ቆሻሻ ካለኝ እህል የማይወርድልኝ ሰው ነኝ። ሥራዬም ላውንደሪ ቤት ልብስ መተኮስ ነው፤ የማላውቀውን ሰው አንገትጌ ሳጸዳና ሳስተካክል ነው የምውለው። ያን ቀን የእረፍት ቀኔ ነበር፤ ባይሆን ይሻል ነበር። ማንቆርቆሪያውን ጥጄ ኩሽናውን ያዝኩት። መደርደሪያውን ፋቅኩ፣ የምድጃውን ዓይኖች ነቃቀልኩ፣ ከማቀዝቀዣው ሥር ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የጣለቻቸውን ብዕሮች አወጣሁ። በልቤ ከእህቱ ጋር እከራከራለሁ። ቃላት የሚጠፉብኝ እሷ ፊት ብቻ ነው፤ ኩሽናዬ ውስጥ ብቻዬን ስሆን የሚያሸንፈኝ የለም። "ነይ እዪ፣ የቱ ጋ ነው ቆሻሻው? ይኸውልሽ! ይኸውልሽ!" እያልኩ ብርጭቆውን፣ ጭልፋውን፣ ድስቱን፣ የያዝኩትን ሁሉ በፈላ ውሃና በሳሙና አጥቤ ደረደርኩ። ልጄ ዓይኗን እያሻሸች ገባች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አያቷ "ጠበቃዋ" ነበር የሚሏት፣ ያለ ክርክር የሚያልፋት ነገር ስለሌለ። የተደረደረውን አየችና "እማዬ፣ ይሄ የአያቴ ማሰሮ አይደለም?" አለችኝ።

በእጄ ያለውን አየሁ። ማሰሮዋ ነበረች። ውስጧ እየጨሰ፣ ንጹሕ፣ የሳሙና ሽታ ያለው። ከሥሯ የነበረውን የትናንት እርጎ አስታውሼ ወደ ቧንቧው መውረጃ ብመለከት ምንም የለም፤ ሄዷል። ቁጭ አልኩ። ስንት እጅ ያሻገረውን ነገር የእኔ እጅ በአንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ጨረሰው። ማታ ደግሞ ልትወስዳት ትመጣለች። ባዶ ሸክላ ላቀብላት ነው። ያኔ የተናገረችው ሁሉ እውነት ይሆናል፤ ልጅ ብትሆን ኖሮ ታደርገው ነበር? ያሰኛል።

"ከሱቅ እርጎ ገዝተን በሱ እናርጋ" አለች ጠበቃዋ። "አክስቴ በምን ታውቃለች?"

"ታውቃለች። ያደገችበት ነው።"

"እንግዲያስ ከታች ጠይቂ። አያቴ ለቲኬት ቆራጯ ሰጥታት የለም እንዴ? በሻይ ብርጭቆ ያደረስኩላት እኔ ነኝ እኮ።"

ቲኬት ቆራጯ ከእኛ ሥር የምትኖረው ጎረቤታችን ናት። የከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ስትቆርጥ ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ ድምፅዋ ግን ገና ጡረታ አልወጣም። አማቴ በነበሩ ጊዜ ከእሷ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲስቁ ይውሉ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ወደ ኮርኒሷ ማንጠባጠብ ጀመረ። መጀመሪያ መጥታ በደግ ነገረችን፤ ባሌ "ነገ" አላት። ቀጥሎ በቁጣ መጣች፤ እኔም ፈርቼ ስለነበር ከፍርሃቴ የተነሣ ጮኽኩባት፣ "አንቺ ሴትዮ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ እሷ ወደ ግድግዳው እኔ ወደ መደገፊያው ነው የምናየው። አሁን የሻይ ብርጭቆ ይዤ በሯ ላይ ቆሜ እጄ አልነሣ አለኝ። ብርጭቆውን በቀሚሴ ሥር ደበቅኩት፤ መልሼ ደግሞ አወጣሁት፣ ልለምን መጥቼ ምን ያስደብቀኛል ብዬ።

ከፈተች። አየችኝና ምንም ሳትል ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። የመግቢያዋ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ነገር እንደ ደመና ተዘርግቷል፤ ከሥሩ ሳፋ ተቀምጧል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳት። "እርስዎን ለማስቸገር ሳይሆን…"

"እርስዎ? ባለፈው አንቺ ሴትዮ አልነበርኩም እንዴ? ዛሬ ምን ሾመኝ?"

"ይቅርታ።"

"ይቅርታውን ለኮርኒሱ ንገሪው፤ እሱ ነው የበሰበሰው።"

ብርጭቆውን ብቻ ዘረጋሁላት። እሷም ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች፤ አወቀችው መሰለኝ፣ ያው አማቴ የላኩላት ዓይነት ብርጭቆ ነው። ያደረግኩትን ስነግራት ድምፅዋ ወረደ። "የእሳቸውን? በፈላ ውሃ?" ብላ በሩን ተደገፈች። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝ፤ እጇ ሻካራና ሙቅ ነበር። "ነይ ግቢ፣ ሳፋውን እንዳትረግጪ። ዕድለኛ ነሽ፣ እኔም ዛሬ ላረጋ ነው፣ ወተቱን ጥጄዋለሁ። ማንኪያ ሙሉ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ግማሽ ላንቺ ግማሽ ለኔ።"

ኩሽናዋ ከኛ ኩሽና ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ መስኮቱም ምድጃውም በዚያው ቦታ። እኛ ከላይ ስንመላለስ እሷ ከሥራችን በዚያው ቦታ ስትመላለስ መኖሯን ያን ቀን ነው ያሰብኩት። ወተቱን ከእሳት አወረደችና እስኪበርድ ስለ ወተት መወደድ አወራችልኝ፤ ሻጩ ውሃ ሲጨምር ዋጋም አብሮ ይጨምራል፣ ውሃውን ነው ወይ የምንገዛው አለችኝ። ስቄ አላውቅም ነበር በሷ ነገር፤ ሳቅኩ። ከዚያ ትንሿን ጣቷን ወተቱ ውስጥ ነከረችና ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ፣ ፌርማታ እንደምትጠራ ሁሉ ድምፅዋን ዘርግታ፣ የባሌን ታላቅ ወንድም ስም ጠራች። ሰው የገባ መስሎኝ ዞርኩ። ቀጥላ የባሌን እህት ስም ጠራች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማሁትን ስም፤ በእህቱና በባሌ መካከል ተወልዶ በጡት የሞተውን ሕፃን። ከዚያ የባሌን። ሊያልቅ ነው ስል፣ ፊቷ መቅላት ከጀመረ በኋላ፣ የእኔን ስም ጠራችና "ወራጅ አለ!" ብላ ጣቷን መዝዛ አወጣች።

"ምን እያሉ ነው?" አልኳት።

"ልኩ ነዋ! የወተቱ ልክ። አማትሽ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ። ስሞቹ እስኪያልቁ ጣትሽ ከቻለው ወተቱ ደርሷል። ሳያልቁ ካቃጠለሽ ይቆይ፤ እርሾውን ይገድለዋል። አልቀውም ምንም ካልተሰማሽ ደግሞ በርዷል፣ አይረጋም። ለመሆኑ አንቺ በምንድነው የምትለኪው?"

በልጄ ጣት ነው የምለካው። የእኔ ጣቶች የእንፋሎት ካውያ ለዓመታት ስለጠበሳቸው ሙቅና ቀዝቃዛ አይለዩም። አማቴ ገና እንደመጣሁ አይተውኝ "ይቺ እሳት አትፈራም" ብለው ስቀው ነበር። እሳቸው ሲለኩ ከጎናቸው እቆማለሁ፤ ጣታቸውን ነክረው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። የሚጸልዩ ነበር የሚመስለኝ። ሰው ሲጸልይ ምን አልክ ተብሎ አይጠየቅም፤ እኔም ዓይኔን ወደ መሬት አድርጌ ዝም ብዬ አብሬያቸው በልቤ የራሴን እጸልይ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የልጆቻቸውን ስም ሲጠሩ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ከጎናቸው ቆሜ፣ እሳቸው እኔን እየጠሩ።

"የመጨረሻዋን…" አልኩ። "እሷን እርስዎ ጨምረዋት ነው?"

"እኔ ምን አገባኝ! እንደተሰጠኝ ነው የምጠራው። መሥመር ላይ ከራሴ ፌርማታ ጨምሬ አላውቅም" አለችና ግማሹን እርሾ በብርጭቆዬ ቀዳችልኝ። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ፣ ቀስ ብላ፣ ለሷ በማይመች ድምፅ፣ "ወተት ባረጋሁ ቁጥር ስማችሁን እጠራለሁ። ደረጃ ላይ ደግሞ ፊታችሁን ታዞሩብኛላችሁ" አለችኝ። ቧንቧው ነገ ይሠራል አልኳት፤ እሷም "ነገን አውቀዋለሁ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው፣ ግን እያንዳንዷን ነገር አስታውሳለሁ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ደረጃውን ስወጣ ከላይ የሚወርድ አንድ ሰው ሰላም ቢለኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ፤ ካነጋገርኩት የሚፈስስብኝ መሰለኝ። ወተት ገዛሁ። አትክልት ሻጩ ኪያሩን ሲመዝን "እህቴ፣ በዚህ ዋጋ ከዶሮ ጋር ወንድማማች ሆኗል" አለኝ፤ እኔ ግን አልተከራከርኩትም፤ እሱም ግራ ገብቶት ናናውን መረቀልኝ። ወተቱን አፍልቼ አወረድኩ፤ ማሰሮዋን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅኳት፣ የሳሙናው ሽታ እስኪለቅ። ልጄን ጠራሁና ትንሿን ጣቷን ነከረች። ስሞቹን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ሦስተኛው ላይ "ይሄ ማነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ አልሳቀችም። የእኔ ስም ላይ ስንደርስ ጣቷ ወተቱ ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ።

"እኔስ? እኔ የለሁበትም?"

"አንቺ የምትለካዋ ጣት ነሽ።"

ጠበቃዬ ጣቷን አውጥታ ላሰችው።

እርሾውን በጥቂት ወተት በጥብጬ አዋሃድኩት፣ ማሰሮዋን ከደንኩ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከውሃ ማሞቂያው ጎን አስቀመጥኳት። ከዚህ በኋላ ለሰው የሚሠራው ሥራ የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ መጠበቅ የማልችል ሴት ነኝ። ማሰሮዋ መነካት የለባትም፤ ከተነቃነቀች ይበጠሳል። በየደቂቃው ሄጄ ብርድ ልብሱን በመዳፌ እነካለሁ፣ መዳፌ ደግሞ ምንም አይነግረኝም፣ መልሼ ልጄን እጠራለሁ። "እማዬ፣ ሕፃን ነው እንዴ ያስተኛሽው? ተያት ትተኛ!" አለችኝና በሩን ዘግታ ከኩሽና አስወጣችኝ። በሩ ላይ ቆምኩ። እዚያ ውስጥ፣ በዚያ ጨለማ ማሰሮ፣ የሚታይም የሚሰማም ነገር ሳይኖር፣ ግማሽ ማንኪያ እርጎ ያን ሁሉ ወተት ወደ ራሱ እየለወጠ ነው ወይስ ሞቶ ቁጭ ብሏል? ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ሳስበው ዳቦ ሲነፋ ያያሉ፣ ውሃ ሲፈላ ይሰማሉ፤ ወተት ግን የሚረጋው ማንም ሳያየው ነው። ልጄን አርግዤ እንቅስቃሴዋ አንድ ቀን የቀረብኝ ጊዜ እንዲህ ነበር የጠበቅኩት፤ ያኔም አማቴ ናቸው ከጎኔ ተቀምጠው "አትነካኪው፣ ሥራ ላይ ነው" ያሉኝ።

ማሰሮዋን እንደማልነካ ምዬላት መልሳ ካስገባችኝ በኋላ ኪያሩን ልጬ ፈገፈግኩ፣ ጨው ነስንሼ አስቀመጥኩት። ይሄም ሌላ ተአምር ነው። ደረቅ የሚመስለው ነገር ጨው ሲነካው ውሃውን ይለቅቃል፤ ከአንድ ኪያር ያን ያህል ውሃ ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል? በሻሽ አድርጌ ጨመቅኩት። ውሃው ካልወጣ እርጎውን ያቀጥነዋል፤ ተጨምቆ ሲገባ ግን እርጎው ውስጥ ሆኖ በጥርስ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ካሮቱን በቀጭኑ ፈገፈግኩ። ነጭ ሽንኩርቱን ከጨው ጋር ወቀጥኩ። ናናውን በመጨረሻ ነው የምከትፈው፣ እንዳይጠቁር። ፀሐይዋ ከኩሽናው መስኮት ወርዳ ወለሉ ላይ ስትደርስ ልጄ "አሁን" አለችኝ።

ብርድ ልብሱን ፈታሁት። ክዳኑን አነሣሁ። ከላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ ነገር ነው፤ ወተትም እንዲያ ነው የሚያብረቀርቀው። ማሰሮዋን ቀስ ብዬ አዘነበልኳት። አልተንቀሳቀሰም። ትንሽ ብቻ፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሲነኩት እንደሚንቀሳቀሰው፣ እንደ አንድ ነገር ሆኖ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ረግቷል። ሰው ልጅ ሲወለድለት ይጮሃል፤ እኛ ግን በሹክሹክታ ሆንን፣ እንዳይሰማንና ሐሳቡን እንዳይለውጥ። መጀመሪያ ያደረግኩት ከላዩ አንድ ማንኪያ አንሥቼ በሻይ ብርጭቆው ማስቀመጥ ነው። ከእንግዲህ መቼም ቢሆን ከማንም በፊት እሷን ነው የማነሣው። ከዚያ የቀረውን በሻሽ ቋጥሬ ቧንቧው ላይ ሰቀልኩት፤ አጓቱ ጠብ ጠብ እያለ ወረደ፣ እርጎው ከሻሹ ጋር እስኪጣበቅ ወፈረ። ማሰሮዋን አፏን በጨርቅ ጠርጌ መደርደሪያው ላይ መለስኳት።

ባሌ አመሻሽ ላይ የጎማ ሽታውን ይዞ ገባ። ወዲያው ደግሞ እህቱ መጣች። ትልቅ ባዶ ቦርሳ ይዛለች፤ ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። "እትዬ፣ ነይ ግቢ፣ እንደምን ዋልሽ" አልኳት፤ ጉንጯን ለጉንጬ አስነክታ እናቷ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የቤቱን ግድግዳ፣ የጠረጴዛውን ልብስ፣ የፀዳውን ምድጃ በዓይኗ ዞረችው። ቀዝቃዛውን በጎድጓዳ ሳህን አድርጌ፣ የወይራ ዘይት ጠብ አድርጌበት፣ ዳቦውን ቆርሼ አቀረብኩ። ወንድምና እህት እንዲህ ዝም ሲባባሉ ከእኔ የተሻለ የለመደ የለም፤ የዚያን ቀን ግን የዳቦው ቅርፊት ሲሰበር እንኳን አስደነገጠኝ። ነከረችና ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች። በዚያች ቅጽበት በደረቴ ውስጥ የነበረው ነገር በጣቴ ቢለካ ጣቴም ይቃጠል ነበር። "ናናው በዝቷል" አለች። ደግማ ነከረች። ሦስተኛውን ስትነክር የሳህኑን ጎን በዳቦው ጠረገች፤ እናቷ እንዲያ ነበር የሚጠርጉት፣ ከራስ በኩል ወደ ውጪ። ባሌ አይቶ አንገቱን ደፋ።

"ማሰሮዋን አምጪልኝ" አለችኝ ስትጨርስ።

አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኳት። ልዋሽ እችል ነበር፤ እርጎው በእጇ ነው፣ ጣዕሙም ልክ ነው። ነገር ግን አፌ አልታዘዘኝም። "እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት በፈላ ውሃ አጥቤያት እርሾውን ገድዬው ነበር" አልኳት። "ታጥባ አታውቅም ስትይ ሰማሁና ተናድጄ እጄ ሠራው።"

ባሌ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እህቱ እሱን አየችው። "በስልክ ያወራነውን?"

"የኛ ቤት በር ስስ ነው፣ አክስቴ" አለች ጠበቃዋ።

"ታዲያ ይሄ የበላሁት ከየት መጣ?"

"ከታች" አልኳት። "እማማ ለቲኬት ቆራጯ ሰጥተዋት ነበር። ዛሬ እሷ ግማሹን መለሰችልኝ።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የማሰሮዋን የተሸረፈ ክዳን በጣቷ እየዳሰሰች ቆየች። "ለሷም ሰጥታታለች" አለች። "እኔ ጠይቄአት አላውቅም። ሁሌ ያለ ይመስለኝ ነበር። ስመጣ እበላለሁ፣ ስሄድ እረሳዋለሁ።" ድምፅዋ ስልኩ ላይ የሰማሁት አልነበረም። ከዚያ ብድግ አለች። "ባዶዋን ይዤ ምን ላደርጋት ነው? ወተት አለ?"

ወደ ኩሽና ገባን። ለሁለት ሴት አይበቃም፤ ትከሻችን እየተነካካ ቆምን። ወተቱን አፍልቼ አወረድኩ፣ የሻይ ብርጭቆውን አጠገቤ አደረግኩ። ባሌ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። "ቧንቧውን ነገ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ሳልሄድ" አለኝ፤ ሳልጠይቀው። ወተቱ መጨሱን ሲቀንስ እጄን ለእህቱ አሳየኋት። "የኔ ጣት አይለይም፣ እትዬ። ያንቺን ንከሪ።"

ትንሿን ጣቷን ነከረች። "እስከ መቼ?"

ቀስ ብዬ መጥራት ጀመርኩ። የታላቅ ወንድሟን ስም ጠራሁ። ቀጥዬ የእሷን፤ ስሟን ስትሰማ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ የትንሹን፣ ያላደገውን። ባሌ በሩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ዞረ። ከዚያ የባሌን ስም ጠራሁና አቆምኩ። የቀረውን እኔ ልጠራው አልችልም፤ በሷ ፊት፣ በእናቷ ኩሽና ዕቃ መሐል፣ ያልተሰጠኝን ነገር እንደመውሰድ ሆነብኝ። "በቃ፣ አውጪው" አልኳት።

አላወጣችውም። ጣቷ እየቀላ ነበር። እኔ አልነገርኳትም፤ ልጄም አልነገረቻትም።

"አንድ ይቀራል" አለች። ስሜንም ጠራች፤ ቀስ ብላ፣ እናቷ ይጠሩኝ በነበረው ልክ።

ወተቱ ደርሶ ነበር።